ይርጋ የሚሉት ሰውዬ

ከፍርድ ቤቱ በር ዝቅ ብሎ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን።
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ ጠዋት፣ መስተዋቱን በክርኔ አብሼ፣
የሰው ክስ፣ የሰው ፍርድ አባዛለሁ፣ ማሽኔን ወረቀት አጉርሼ።
መብራት ሲጠፋ ግን አነባለሁ፤ ስንት ጊዜ ይጠፋል!
ደሴ ላይ ሰው እንዲህም አድርጎ ሕግ ይማራል።

ማክሰኞ ዕለት ጦይባ መጣች፣ ጦይባ ይማም፣ ከኮምቦልቻ፣
ሐረጎን በሚኒባስ ወጥታ፣ በባዶ ሆዷ፣ በውሃ ብቻ።
አሥራ አንድ ዓመት ክር ስትቀጥል የጣቷ ጫፍ ለስልሷል፤
"አሻራሽን" ሲሏት ወረቀቱ ላይ ቀለም ብቻ ይቀራል።

"ወንድሜ" አለችኝ፣ ወረቀቷን ከጉያዋ አውጥታ፣
"አንድ ነገር ንገረኝ፣ በአላህ፣ ሰው ሳይሰማ፣ በዝግታ።
ይርጋ የሚሉት ሰውዬ ቢሮው የት ነው? ስንተኛ ፎቅ?
ልለምነው ነው፤ ከእግሩ ልውደቅ፤ እኔ ሰውዬውን አላውቅ፣
እሱም እኔን አያውቀኝ፤ ታዲያ ምን በድዬው ነው ያገደኝ?
'ክስሽ በይርጋ ታግዷል' ብሎ መዝገብ ቤቱ የመለሰኝ።"

ሳቄ መጣ። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ እንደ አጥንት ተሰነቀረ።

ይርጋ ሰው አይደለም፣ ጦይባ። ቢሮም፣ ጸሐፊም፣ ወንበርም የለው።
ይርጋ ቀን ነው። ዝም ብሎ የሚያልፍ፣ ማንም የማያየው።
አንቺ ልጅ ስታስታምሚ፣ የአለቃሽን ደጅ ስትጠኚ፣
መብትሽ እንደ ወተት ረጋብሽ፣ ከቅሉ አጠገብ ሳትገኚ።

"ማን ነገረኝ?" አለች።
ይህን ብቻ። "ማን ነገረኝ?"

ነጋሪት ድሮ ይጎሰም ነበር አሉ፣ ሰኞ ገበያ መሐል፤
በሬ ሻጩ፣ በርበሬ ሻጯ፣ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል፤
"የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!" ዋጋው ጆሮ ብቻ ነበር።
ዛሬ ነጋሪት ወረቀት ነው፤ ተቆልፎበታል በር፤
ቁልፉ የወጣው ሰውዬ ጋ፤ የወጣው ሰውዬ ስብሰባ፤
"ሕግን አለማወቅ አያድንም" ይላሉ፤ ሊያውቅ የመጣው ግን አይገባ።

ጋሽ ሙህዬ፣ አሰብ ወደብ ላይ መርከብ ሲያራግፍ የኖረ፣
ከባሕረኞች የሰማውን ወሬ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበረ፤
በሩቅ ውቅያኖስ፣ አንዱ ከአንዱ ስንት ቀን በጀልባ የሚርቅ፣
የተበተኑ ደሴቶች አሉ፤ ሕጋቸው ግን አይደበቅ፤
አንድ ቦታ አከማችተው፣ ለሁሉም በነፃ ከፍተውት፣
ዓሣ አጥማጁ በስልኩ ያነብባል፣ መረቡ እስኪከብድለት።

እኛስ? ባሕር የለን፣ ማዕበል የለን፤ ዳር እስከ ዳር በእግር የሚያልቅ ከተማ፤
አንዱ ቢሮ ከጎኑ ቢሮ ግን ቢጠራራ የማይሰማማ።
ደሴ ላይ አንዲት "ት" ብትጨመር፣ ደሴት አይደለች?
ያቺን ፊደል ማን እንደጻፋት እንጃ፤ በየበሩ ላይ ግን አለች።

ከሣጥኔ ሥር፣ መብራት ሲጠፋ ያነበብኳትን ገጽ አወጣሁ፤
"ያኔ ደብዳቤ ጽፈሽ ነበር? ማኅተም አለው?" አልኳት። ጣቷን አየሁ፤
ጉያዋን ትዳብስ ጀመር። ምናልባት አለ። ምናልባት የለም።
እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ገልባጭ ነኝ፤ ቃል አልገባሁላትም።

ለእሷ አንድ። ለመዝገብ ቤቱ አንድ።
አንድ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝ፣ ሒሳቡ ከገዛ ኪሴ፤
በዱቄት ሙጫ ከቆርቆሮው ውጭ ለጠፍኩት፣ ለደሴ።

ጫማ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ቀና አለ።
"ምን ይላል?"
ነገርኩት።
"ጮክ በል እንጂ! ያቺም ሴትዮ ትስማ፣ ያም ባለጋሪ።"

ዝናቡ ከጦሳ እየወረደ ነበር።
እስኪደርስ ድረስ አነበብኩ።